የፔርሙሱ ሁለተኛ ኩባያ

ሰዓት ሠሪው ከገደሉ ሥር ሞቶ በተገኘ ማግስት መርማሪዋ ወደ ተራራው ደን ተጠራች። ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ነው የሚሏት፤ አቀበት ስትወጣም ሆነ ሰው ስትጠይቅ አትቸኩልም። አለቃዋ ግን ቀድሟት ደርሶ ነገሩን ጨርሶት ነበር። የመንገዱ መከላከያ እንጨት ተሰብሯል፤ ሰውየው ተደግፎት ወድቋል፤ ጥፋቱ እንጨቱን ያላደሰው የደን ጠባቂ ነው። ጠባቂውም በእንግዳ ማረፊያው ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ተቀምጧል።

«እትዬ፣ እንጨቱን በገዛ እጄ ነው የቀየርኩት» አላት በበሩ ስንጥቅ። «ሰው ስለተደገፈው አይሰበርም። እኔ ብታሰር ልጆቼን ማን ያያቸዋል?»

«እስኪመሽ ታገሠኝ።»

የሟቹን የጀርባ ቦርሳ ፈታች። ፔርሙሱ ከመጨርመቱ በቀር ደህና ነበር፤ የሷው ዓይነት ነው፣ በክዳኑ ላይ ሁለት ኩባያ የሚደራረብበት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ሽርሽር ስትወጣ በውጪው ኩባያ ትጠጣለች፤ የውስጡን አንስታው አታውቅም። የሰዓት ሠሪው ግን ሁለቱም ኩባያዎች ሻይ ነክቷቸዋል። የውስጠኛውን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ተጣበቀባት። ስኳር ነው። ከሟቹ ኮት ኪስ ደግሞ የብርቱካን ልጣጭና የተጨማደደ ሰማያዊ ወረቀት ወጣ።

በምግብ አዳራሹ ሦስት ሰዎች ሻይ ከፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል፦ የሟቹ ሚስት፣ ታናሽ ወንድሙና የዕድሜ ልክ ጓደኛው የጥርስ ሐኪም።

«እኔ ያን ዕለት ራሴን አሞኝ ከክፍሌ አልወጣሁም» አለች ሚስትየው። «ፔርሙሱን ግን ጠዋት አጥቤ የሞላሁለት እኔ ነኝ። ስኳር በሽታ ስላለበት ቤታችን ስኳር አይገባም።»

«መንገድ ላይ ይጠጣ ነበር?»

«እሱ? ተራራው ጫፍ ሳይደርስ ክዳኑን አይነካም። ሻይ በላብ ነው የሚገዛው ይላል።» ዓይኗን ጠረገች። «የመጨረሻ ጉዟችን ነበር። ልጃችን ያለችበት ሩቅ ከተማ ጠቅልለን ልንገባ ነበር። እዚህ ሳለን ለሁለቱም እነግራቸዋለሁ ብሎኝ ነበር።»

«ለእኔ አልነገረኝም» አለ ወንድምየው አንገቱን ደፍቶ። «ጉልበቴ ከመገንጠያው መለሰኝ። በደኑ መግቢያ በር ላይ ከጠባቂው ጋር ካርታ ስንጫወት ዋልን፤ እሱም ሲበላኝ ዋለ።»

«እርስዎስ ዶክተር?»

«እኔ ከመገንጠያው ወደ ሐይቁ ወረድኩ። እሱ ብቻውን ወጣ።» ይህን እያለ ከኪሱ ትንሽ ሰማያዊ የወረቀት ጥቅል አውጥቶ ስኳሩን ሻዩ ውስጥ ገለበጠ።

«ይኸው» አለ ወንድምየው፣ ፈገግ ሊል እየሞከረ፤ «የሰውን ጥርስ ስኳር በላው ብሎ ይነቅላል፣ የራሱን ከኪሱ ይቀልባል።»

«እኛ ቤትም ስንቁን ይዞ ነው የሚመጣው» አለች ሚስትየው።

መርማሪዋ ተነሥታ ወደ አቀበቱ ወጣች። ጭጋጉ ዛፎቹን አንድ በአንድ እየዋጠ ነበር። የተሰበረውን እንጨት አየችው፤ ውስጡ ነጭ ነው፣ ብስባሽ የሚባል የለበትም። ተራራው ጫፍ ላይ ሁለት ሰው የሚይዝ ድንጋይ አገኘችና እንደ ልማዷ ዳር ላይ ተቀመጠች። ለማን ቦታ እንደተወች ትዝ ሲላት ተነሥታ ወረደች።

ሲመሻሽ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች፤ ጠባቂውንም አስወጣችው።

«አለቃ፣ እንጨቱ አልበሰበሰም። ደህና እንጨት የሚሰበረው ሰው በኃይል ሲወረወርበት ነው» አለች። «ሟቹ ጫፍ ሳይደርስ ፔርሙስ አይከፍትም፤ ሻዩ ግን ተጠጥቷል። ስለዚህ ደርሶ ሲመለስ ነው የወደቀው። ደግሞ ብቻውን አልነበረም። ብቻውን የሚጠጣ ሰው ሁለት ኩባያ አያቆሽሽም፤ ይህን እኔን ጠይቁኝ።»

«ሁለተኛው የማን ነው?» አለ አለቃው።

«ጠዋት የታጠበ ኩባያ፣ ስኳር በማይነካ ሰው ቦርሳ ውስጥ፣ ስኳር ተጣብቆበታል። ወንድሙና ጠባቂው በር ላይ ነበሩ። እመቤቲቱም ስኳር ከቤቷ ካባረረች ቆይታለች።» ሰማያዊውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ይህ ከሟቹ ኪስ ወጣ። ደን ውስጥ ወረቀት ሲጣል አይወድም መሰለኝ።»

«አይወድም» አለች ሚስትየው በቀስታ። «የሁላችንንም ቆሻሻ ለቅሞ ኪሱ ይከታል።»

የጥርስ ሐኪሙ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው።

«ሻዩን ስንጠጣ ምንም አላለኝም» አለ። «ስንወርድ ነው እንደሚሄዱ የነገረኝ። ታዲያ እኔ ከማን ጋር ልወጣ ነው? አልኩት። ሌላ ጓደኛ ፈልጋ፣ አለኝ እየሳቀ። በዚህ ዕድሜዬ። ገፋሁት። እንጨቱ ይይዘዋል ብዬ ነበር።»

«ለምን ሰው አልጠሩም?»

«ማንን ልጥራ? ሲጨንቀኝ የምጠራው እሱን ነበር።»

«ይህ ሰው ሲታሰርስ?» አለች ወደ ጠባቂው እያመለከተች።

አለቃው ለጠባቂው ቀበቶውንና የበሩን ቁልፍ መለሰለት፤ እሱም ማንንም ሳይሰናበት ወደ ቤቱ ቁልቁል ፈጠነ።

መኪናው እስኪነሣ ሐኪሙ በረንዳው ላይ ከአንድ ፖሊስ አጠገብ በብርዱ ቆሞ ነበር። መርማሪዋ ፔርሙሷን አወጣች። የውስጠኛውን ኩባያ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ አቧራውን አስለቀቀችና ሻይ ቀዳችበት።

«እንካ» አለችው፣ እርስዎ ማለቱን ትታ። «ስኳር ካለህ ጨምርበት።»

ኪሱን ዳበሰ። ባዶ ነበር። እንዲሁ ጠጣው፣ ኩባያውንም ሲመልስላት በእጅጌው ጠርጎ ነበር።