የኢቡኪ ግራ እጅ

ኢቡኪ የወረወራት ኳስ ከታማኪ ራስ በላይ አልፋ አጥሩ ሥር ካለው ሣር ውስጥ ገባች። ለአሥራ ሰባተኛ ጊዜ።

«መንፈስ የለህም!» አሉ አሰልጣኝ ኩሮኢዋ፣ ከጥላው ሥር፣ ከወንበራቸው እንኳ ሳይነሱ። «ሜዳውን አሥር ዙር!»

ኢቡኪ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሣና መሮጥ ጀመረ። በዚህ የትምህርት ቤት ቤዝቦል ክለብ በሽታው ሁሉ አንድ ነው፤ መድኃኒቱም አንድ። ኳስ የሳተ መንፈስ ጎድሎታል፤ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትም መንፈስ ጎድሎታል። ባለፈው ሳምንት የዘነበውም በተጫዋቾቹ መንፈስ ማነስ ሳይሆን አይቀርም።

ታማኪ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ይህን የአንደኛ ዓመት ልጅ «ሰው አድርጊው» ተብላ ከተሰጣት ሁለት ሳምንት ሆኗታል። አወራወሩ ካልተስተካከለ በጋውን ሙሉ ደጋፊዎች መሀል ቆሞ ከበሮ ሲደልቅ ይከርማል። ቀኑ ደግሞ ደርሷል፤ የውድድሩ መለያ ቁጥሮች የሚታደሉት ዛሬ ነው፤ የሚጫወተውም ቁጥር ያገኘ ብቻ ነው። ለእሷ አራት ቁጥር እንደተያዘላት ሁሉም ያውቃል።

ኢቡኪ ዙሩን ጨርሶ እያለከለከ ኳሶቹን ሊለቅም ሣሩ ውስጥ ገባ። ጓንቱን ብብቱ ሥር ወሽቆ አንድ በአንድ ወደ ቅርጫቱ ወረወራቸው። ሃያ እርምጃ ይርቃል። አንዷም አልሳተችም።

የወረወረው በግራ እጁ ነበር።

«አንተ! ግራኝ ነህ እንዴ?» አለች ታማኪ።

ልጁ የሰረቀ ይመስል እጁን ከኋላው ደበቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።» በክለቡ በአንድ ዓመት የሚበልጥ ሁሉ አንቱ ነው፤ ስሙም ላይ ለአክብሮት «ሳን» ይጨመራል።

«የምን ይቅርታ! ለምን አልተናገርክም?»

«ለአሰልጣኙ ነግሬያቸው ነበር። የጎደለን ሦስተኛ ቤዝ የሚጠብቅ ተጫዋች ነው፣ እዚያ ደግሞ መወርወሩ ስለማይመቸው ግራኝ አይቆምም፣ በቀኝህ ልመድ አሉኝ። ይሄንንም በግራ የሚጠለቅ ጓንት፣ በቀኜ እንድወረውር ብለው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።»

«ወይ ጉድ! እጅህን ራሳቸው አስረው፣ ስትስት መንፈስ የለህም ይሉሃል?»

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ይሰማሉ! ቁጥርዎን ያጣሉ። እኔ እንደሆነ ከበሮ እችላለሁ» አለና ሊስቅ ሞከረ።

ታማኪን ያንገበገባት ያ ሳቅ ነው። ትናንት እሷም «መንፈስህን ሰብሰብ አድርግ እንጂ!» ብላው ነበር። ልክ እንደ አሰልጣኙ።

ፊሽካ ተነፋ። ተጫዋቾቹ ተሰለፉ።

«አንድ ቁጥር!»

«አቤት!» የተጠራው እየሮጠ ሄዶ ቁጥሩ የተጻፈበትን ጨርቅ በሁለት እጁ ተቀበለ። ሁለትና ሦስት ቁጥርም ተከተሉ።

ታማኪ አልተሰለፈችም። የኢቡኪን ጓንት ተቀብላ አጥሩ ላይ ሰቀለችውና ሃያ እርምጃ ርቃ ቁጢጥ አለች።

«በግራህ። ደረቴ ላይ።»

«ታማኪ-ሳን፣ እየተጠራ እኮ ነው...»

«ወርውር አልኩህ!»

ጧ! ኳሷ ደረቷ ላይ ከተከፈተው ጓንት ገባች። ሰልፉ በሙሉ ዞረ።

«አራት ቁጥር!» አሉ አሰልጣኙ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት፦ «አራት ቁጥር!»

ታማኪ ኳሷን ወደ ኢቡኪ አንከባለለችለትና ጓንቷን እንደገና ከፈተች።

«አሁን ደግሞ ጠንከር አድርገህ።»