አሥራ ስድስት ብሎን

«እኔ ብሎን ያሰርኩበትን ቦቲ ያደረገ ሰው፣ ቅቤ በተቀባ ድንጋይ ላይ ቢሮጥ አይወድቅም። ጋሼ ተስፋውን ጠይቁት፤ ሲተኛ እንኳ አያወልቀውም።»

ዓይናዲስ ይህን በየማክሰኞው ፅፅቃ ገበያ መሀል ቆማ ትለዋለች፤ ባለፈው ማክሰኞም ብላዋለች። በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ዓሣ አጥማጁ ተስፋው ተከዜ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። እግሩ ላይ ያለው እሷ ብሎን ያሰረችበት ቦቲ ነበር።

አንዳንድ ሰው አፉ ይቀድመዋል። የዓይናዲስ አፍ ግን ቀድሟት ሄዶ፣ ቤት ሠርቶ፣ እንግዳ ተቀብሎ ነው የሚጠብቃት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጠችው፣ እሷ እንደምትለው፣ አስተማሪው ስለደከመው ነው። ግድቡ ውሃ ይዞ ተከዜ ባሕር ካከለ ወዲህ የዝቋላ ወረዳ ጎልማሶች መረብ መጣል ጀምረው ነበር፤ አረንጓዴ የለበሰው ድንጋይም እያነሣ ያፈርጣቸው ጀመር። ይኼኔ ዓይናዲስ ቦቲ ሰብስባ ቤቷ ገባች። ሶሉን በሞረድ ፋቀች፤ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጣ በማስቲሽ ለጠፈች፤ በአንድ እግር አሥራ ስድስት ብሎን፣ ጭንቅላቱን ወደ መሬት አድርጋ አሰረች። የመጀመሪያውን ጥንድ የወሰደላት ጎረቤቷ ተስፋው ነው። እሱ መውሰዱን አይተው ሌሎች አምስት ሰዎች አሠሩ።

ያን ዕለት ረፋድ ላይ አምስቱም ጥንድ ደጃፏ ላይ ተወርውሮ አገኘችው። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ለክብሯ ብለው አልነበረም። አንዷማ «ሰው የጨረሰች» ስትል ጆሮዋ ገባ። ዓይናዲስ እንስራዋን ሳትሞላ ተመለሰች። ንዴቱ እንቅልፍ የሚነሣ ዓይነት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሳጅን ውዴ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ከሰቆጣ ደረሰች፤ ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግሯ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች መርማሪ ናት። መጀመሪያ ያስጠራችው ዓይናዲስን ነው።

አስከሬኑ ያለው ከዳር አሥር እርምጃ ያህል ውሃው ውስጥ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነበር። ሳጅን ውዴ ጫማዋን አውልቃ፣ በአራት እግሯ ልትሄድ ምንም ሳይቀራት ደረሰች። ማጅራቱ ላይ ያለውን ቁስል ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አስከሬኑን አውጥተው ጋቢ ላይ ሲያሳርፉት ቦቲውን ገለበጠች።

«ከሠራሽለት ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሦስት ወር። ያዩታል፣ ብሎኑ እንዴት እንደሚያብረቀርቅ? የኔ ሥራ አይዝግም።»

«ከሱቅ ሲመጣ የተቀባው ግራሶም አልለቀቀም።»

«ጥራት ነዋ።»

ሳጅን ውዴ ጻፈች። ቦቲውን አውልቃ ደፋችው፤ ከውሃው ጋር ሦስት ያበጡ የሽምብራ ፍሬዎች ወጡ።

«ይሄስ?»

«ቆሎ ነው። ሰው እየሄደ አይቆረጥምም?»

«በእግሩ?»

ዓይናዲስ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። ሴትዮዋ ቦቲውን ማመስገን ሲገባት ሽምብራ ትቆጥራለች። ከመላው ወረዳ እንዲህ ያለችው ትላክብኝ? ብላ ጥርሷን ነከሰች።

የተስፋው ሚስት የሺመቤት ዳሱ ሥር ተቀምጣለች። ዳሱ አጥማጆቹ መረብና ዓሣ የሚያኖሩበት ነው። ዓይኗ አብጧል፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ባለቤትዎ ቦቲውን ይወደው ነበር?» አለች ሳጅን ውዴ።

የሺመቤት ወደ ዓይናዲስ ዞር ብላ አየች። «ይወደው ነበር። እጁ ከውስጡ አይጠፋም።»

«ሰሙ?» አለች ዓይናዲስ።

«ሰምቻለሁ» አለች ሳጅን ውዴ፤ አሁንም ጻፈች። «ጠብ የነበረው ሰውስ አለ?»

«እሱ? ሰው ሲያስቀይም አላየሁም። ሰው እንዳይከፋበት ሲል የራሱን ጉዳት የሚውጥ ነው።»

ቀጥሎ ማዕረግ መጣ፤ ከተስፋው ጋር አንድ መረብ የሚጥል፣ በኽምጣንግኛ አስቦ በአማርኛ የሚናገር ጎልማሳ።

«ማክሰኞ ምሳ አብረን በላን» አለ። «ከዚያ እኔ ገበያ ወጣሁ። እሱ ቀረ።»

«ምሳችሁ ምን ነበር?»

«ቆሎ።»

«በምን ላይ?»

ማዕረግ ዓይናዲስን አየና ጉሮሮውን ጠረገ። «በዕቃ።»

«ለምን ቀረ?»

«ውሃ ውስጥ ሌላ ሰው የጣለው መረብ አግኝቶ ነበር። የመረቡ ዓይን ጣት አያስገባም፤ ጫጩቱን ዓሣ ሁሉ ይጠርጋል። የማን እንደሆነ እሑድ የአጥማጆቹ ማኅበር ፊት እናገራለሁ፣ መጀመሪያ ግን ላውጣው አለ።»

«እግሩስ? ድንጋዩ ላይ ይስታል?»

«ተስፋው?» ማዕረግ ሊስቅ ነበር፤ አስከሬኑን አይቶ ተወው። «ጦጣ ቢወድቅ እሱ አይወድቅም።»

«በኔ ቦቲ ነዋ!» አለች ዓይናዲስ። ሳጅን ውዴ የማስታወሻዋን ገጽ ገለበጠች። ሰው መልስ ሲነፍጋት ደግሞ ከስድብ ይብስባታል።

የመጨረሻው ደሞዝ ነበር፤ ማክሰኞ ማክሰኞ መጥቶ ለጾም የሚሆን ዓሣ ወደ ሰቆጣ የሚወስድ ነጋዴ። ፅፅቃ አድሮ ከገበያ ጭነቱን ይዞ ሲመለስ አገኙት። የጆንያዎቹ አፍ በሰማያዊ ቅዳጅ ተቋጥሯል።

«ማክሰኞ ተስፋውን አይተውታል?»

«በማለዳ፣ ዓሣ ስረከብ። ከዚያ ገበያ ሄድኩ፤ እስኪመሽ እዚያው ነበርኩ።»

«ምን ሲያደርግ አዩት?»

«ያንን ቦቲ አድርጎ ወደ ውሃ ሲወርድ። እኔማ ተው ብዬዋለሁ፣ ብረት ድንጋይ ላይ ምን ሊያቆም። ግን ከእግሩ አያወልቀውም፤ ልጅቱም ራሷ ስትናገር ትውላለች።»

ዓይናዲስ ተናደደች። ንዴቷ ውስጥ ግን አንድ ነገር ደስ አሰኛት፤ ቢያንስ አንድ ሰው ቦቲው ከተስፋው እግር እንደማይወልቅ መስክሯል።

ሐሙስ ጠዋት፣ ከቀብሩ በፊት፣ ሳጅን ውዴ ሁሉንም ውሃው ዳር ሰበሰበቻቸው። ማዕረግ በትእዛዟ ከሌሊቱ መጨረሻ ጀምሮ ጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር መረብ ሲጎትት አንግቶ ነበር።

«ዓይናዲስ፣ ከተመለሰልሽ አንዱን ጥንድ አድርጊና እዚያ ድንጋይ ድረስ ሂጂ።»

በመጨረሻ! ዓይናዲስ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት። ሦስተኛው አየር ላይ ነበር። ብሎኖቹ ድንጋዩን ጭረው ሲሄዱ የብረት ምጣድ የተፋቀ ያህል ጮኹ፤ እሷ በጀርባዋ ውሃው ውስጥ ተዘረጋች። ተነሣች፤ ደገመች፤ ወደቀች። ሦስተኛ ስትወድቅ የሳቀ ሰው የለም። ቢስቁላት ይሻላት ነበር።

«ይበቃል» አለች ሳጅን ውዴ። «ድንጋዩ አሥር እርምጃ ነው። በዚህ ቦቲ ማንም አራተኛውን አይደርስም። ተስፋው ግን ደርሶ ነው የሞተው። ስለዚህ ወደዚያ ሲሄድ ቦቲው እግሩ ላይ አልነበረም። ሦስት ወር ውሃ ውስጥ የኖረ ብሎን ይዝጋል፣ ግራሶውም ይለቃል፤ ይሄ ውሃ ያየው የዚያን ቀን ብቻ ነው። ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ምን ሲያገለግል ነበር? ማዕረግ፣ ማክሰኞ ቆሎውን የበላችሁት ከምን ላይ ነው?»

ማዕረግ አንገቱን ደፋ። «ከቦቲው ነው። አይጥ እንዳይደርስበት ዳሱ ላይ ሰቅለን ቆሎ እናስቀምጥበታለን።»

ዓይናዲስ ፊቷ ላይ ያለው ውሃ የተከዜ ብቻ አልነበረም። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

«የመጀመሪያ ቀን አድርጎት ሦስቴ ወደቀ፤ ሌሎቹ አምስቱም እንዲሁ» አለች የሺመቤት። «ተስፋው ግን እንዳትነግሯት፣ ልጅቱ ይከፋታል፣ አንድ ቀን ራሷ ይገባታል አለ። እኛም እሺ አልን።»

ሳጅን ውዴ ወደ ዳሱ አመለከተች። «ተስፋው እንደ ወትሮው በበረባሶው ነበር የገባው። በበረባሶው አዳለጠው ቢባል ደግሞ የሚያምን የለም። ገዳዩ ለመውደቁ ምክንያት አስፈለገው፤ ዳሱ ላይ ብሎን ያለው ቦቲ ተሰቅሎ አየ፤ ቆሎውን ደፍቶ አለበሰው። ያን የሚያደርግ ሰው ተስፋው በቦቲው እንደሚያጠምድ ማመን አለበት። ሚስቱ አታምንም። ማዕረግ አያምንም። የሚያምኑት ሁለት ናቸው። አንዷ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ገበያ ነበርኩ!»

«ነበረች» አለ ማዕረግ። «ያልሰማት የለም።»

«ሁለተኛው ደሞዝ ነው። ማክሰኞ በማለዳ ተስፋው ቦቲውን አድርጎ ሲወርድ አየሁ አሉኝ። በማለዳ ቦቲው ቆሎ ይዟል፤ ምሳ ሰዓትም ቆሎ ይዟል። ያላዩትን አየሁ አሉ።»

«ተሳስቼ ይሆናል» አለ ደሞዝ፤ «ይቺ ልጅ ስትለፈልፍ ሰምቼ...»

ሳጅን ውዴ ለማዕረግ ምልክት ሰጠችው። ማዕረግ ከመረቡ ውስጥ የተስፋውን በረባሶ አወጣ፤ ሁለቱም ከድንጋይ ጋር በሰማያዊ የአጎበር ቅዳጅ ታስረዋል።

«በወባ መከላከያ አጎበር ነበር ጫጩቱን ሲጠርጉ የኖሩት» አለች ሳጅን ውዴ። «የጆንያዎችዎ አፍ የታሰረውም በዚሁ ነው። ተስፋው እሑድ ሊናገር ነበር።»

ደሞዝ ጆንያዎቹን አየ፤ ውሃውን አየ። ከዚያ ቁጢጥ አለ። «አጎበሩን ሲጎትት ደረስኩበት። ተው አልኩት። ገፋሁት፤ ድንጋዩ አገኘው። እንዲሞት ብዬ አይደለም።»

ሁለቱ ፖሊሶች ደሞዝን ይዘው ሽቅብ ሲወጡ የሺመቤት በዓይኗ ሸኘቻቸው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ የባሏን በረባሶ ከአሸዋው አነሣች።

ዓይናዲስ ብርድ እያንቀጠቀጣት ቦቲዋን አወለቀች። መናገር እንደሌለባት ታውቃለች። ግን አፏ መቼ ጠብቋት ያውቃል።

«የሆነው ሆኖ፣ የኔ ቦቲ ሰው አልገደለም» አለች። «እንዲያውም ገዳዩን ያስያዘው የኔ ቦቲ ነው።»

«ያስያዘው ቆሎው ነው» አለች የሺመቤት፣ የበረባሶውን አሸዋ እያራገፈች። «እሱንም የቆላሁት እኔ ነኝ።»