የአባባ ሜዳሊያዎች በግራ ደረት

እውነት ነው። ግማሹን ሁለት መቶ ሰው ቆሞ አይቶታል። እነሱ ያላዩትን ደግሞ እኔ ልንገራችሁ፤ ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባል የለ።

ቀኑ ሚያዝያ አሥራ ሰባት፣ ዘማቾች የሚታሰቡበት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ቦታው ጉንባራ፣ ከሲድኒ በመኪና ሰባት ሰዓት የሚያስኬድ፣ አንድ መንገድ ብቻ ያላት የስንዴ ከተማችን።

ፀሐይዋ ጠራራ ነበረች። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ዓይኔን በጠረጠርኩ...

አባባ ከሞተ አሥር ወሩ ነበር። አያቴ ነው፤ ሌስተር ይባላል። እናቴ ጥላኝ ስትሄድ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። የጫማ ክር ማሰር ያስተማረኝ እሱ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ እሱ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላረፈደም።

ቬትናም ዘምቷል። እዚያ የቆሰለ ጓደኛውን ከተኩስ መሐል አዝሎ አውጥቶ የጀግና ሜዳሊያ ተሸልሟል። እኛ የምናውቀው ይህን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ሁሌም ይገርመን ነበር።

ደንቡ ቀላል ነው። የራስህ ሜዳሊያ በግራ ደረትህ፣ የሞተ ዘመድህ ሜዳሊያ በቀኝ። በግራ ያደረገ ሰው "ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ" ማለቱ ነው።

አባባ የራሱን ሜዳሊያዎች ዕድሜ ልኩን በቀኝ ነበር የሚያደርጋቸው።

የዘማቾች ክበብ ውስጥ ይቀልዱበት ነበር። ይስቃል እንጂ አይመልስላቸውም።

ያን ቀን ጠዋት የአባባን ኮት ለበስኩ። የመርፌው ቀዳዳዎች በቀኝ በኩል አሉ። በግራ ጨርቁ አልተነካም።

አጎቴ ግሬም በሩ ላይ ቆሞ አየኝ።

"በቀኝ አድርጊው።"

"የሱ ነው። ይገባዋል። አንድ ቀን እንኳ በቦታው ይዋል።"

"ጆዲ... እሱ ያላደረገውን አንቺ ምን አገባሽ?"

"ትሑት ስለነበረ ነው።"

በግራ ሰካሁት። በፍቅር ነው ያደረግሁት፤ ይህን እወቁልኝ።

ሴት አያቴን፣ እማማ ዶሪንን፣ በዊልቸር እየገፋሁ ወሰድኳት። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነበር። ሰልፉ መነሻ ላይ ካለው ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ጥላ ሥር አቆምኳት። በአምስት ሰዓት የምትወስደው የልብ ኪኒን ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር።

"እዚህ ቁጭ በይ፤ እመለሳለሁ።"

"ስትመለሺ ሻይ ይዘሽልኝ ነይ። ስኳር እንዳትረሺ ደግሞ።"

መንገዱ ሦስት መቶ እርምጃ ነው። ደርሶ መልስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ከበሮው ተመታ። እንደ ሁሉም ሰው ለመታሰቢያ ደረቴ ላይ የጥብስ ቅጠል ሰክቼ መራመድ ጀመርኩ።

በግራዬ አንድ ወጣት ነበር። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። የአያቱን ልብስ የለበሰ የልጅ ልጅ መሰለኝ፤ ሜዳሊያ ግን የለውም። ከባርኔጣው ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል...

ጉንባራ ላይ ከዘነበ አራት ወር አልፎት ነበር።

"የማን ልጅ ነህ?" አልኩት።

"በግራ አደረግሽው" አለኝ።

በሹክሹክታ ነው የሚያወራው።

"የአያቴ ነው።"

"አውቃለሁ። በየዓመቱ አጠገቡ እሄድ ነበር። አንድ ቀን በግራ ያደርገዋል ብዬ ስንት ዓመት ጠበቅሁ መሰለሽ... ብልጥ ነበር።"

"ጮክ በል፤ በከበሮው መሐል አይሰማኝም።"

"አትጩህ ተብያለሁ።"

"ማን ነው ያለህ?"

"ሌስተር።"

ዓይኔ ወደ ጫማው ወረደ። በረገጠበት ሁሉ አስፋልቱ ላይ ቀይ ጭቃ ይቀራል። የኛ አፈር ግራጫ ነው።

"ለምጠይቀው በሱ ፈንታ ትመልሻለሽ?" አለኝ።

"ምኑን?"

"በግራ ያደረገ ሰው ይመልሳላ።"

ጤነኛ አልመሰለኝም። ሕዝብ እያየኝ ነው፤ ደግሞ ስለ አባባ ማንም ሲያጉረመርም መስማት አልፈለግሁም። እንዲተወኝ ብዬ፣ "እሺ፣ እኔ እመልሳለሁ" አልኩት።

ፈገግ አለ። ጥርሱ መሐል አፈር ነበር።

"ኪት እባላለሁ" አለኝ። "የቆሰልነው ሁለት ነበርን። ሁለት ሰው ማዘል አይችልም፤ በዚህ አልቀየምኩትም። ሌላውን፣ ኖርምን፣ አዘለው። እኔን ዛፍ ሥር አስደገፈኝ። 'እዚህ ቁጭ በል፤ አትጩህ፤ እመለሳለሁ' አለኝ።"



"ከዚያስ?"

"ጦር ሰፈሩ ሲደርስ ጠየቁት። 'ትቼው ስመጣ ሞቶ ነበር' አላቸው። እንደገና መግባት ፈርቶ ነው... ስለዚህ ማንም አልመጣም። ሦስት ቀን ቆየሁ።"

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"አልጮህኩም።"

"ውሸታም ነህ። አባባ ሰው ጥሎ አይሄድም። አርፍዶ እንኳ አያውቅም።"

ዞር ስል ማንም የለም።

ከዚያ ነው ዝምታውን ያስተዋልኩት።

ከበሮው የለም። ሰልፈኛው የለም። ክበቡ በር ላይ የነበሩት ወንበሮች ታጥፈው ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል። ጥላዬ በሌላው በኩል ወድቋል...

ሰዓቴን አየሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል።

ሮጥኩ። የዛፉ ጥላ ዞሮ ሄዶ እማማን ፀሐይ ላይ ትቷታል። አንገቷ ደፋ ብሏል። ጎረቤታችን ወይዘሮ ፓስኮ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አጠገቧ ቆመዋል።

"ሁለቴ መጥቼ ነበር፣ ልጄ" አሉኝ። "ቤት ላድርስሽ አልኳት። 'ጆዲ እመለሳለሁ ብላኛለች፤ መጥታ ብታጣኝ ትደነግጣለች' ብላ እምቢ አለችኝ። አሁን ደግሞ የተኛች መስሎኝ..."

እጇን ያዝኩ። በዚያ ሁሉ ፀሐይ እጇ በረዶ ነበር።

የዊልቸሩ ጎማዎች እስከ መሐላቸው ድረስ ቀይ ጭቃ ለብሰዋል።

"ማን ነው የገፋት?" አልኩ።

"ማንም። ከዚህች ቦታ አልተነቃነቀችም።"

ግሬም ከክበቡ ሲሮጥ መጣ። እናቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

"ኪኒኗን ሰጥተሻታል?"

ኪሴ ውስጥ በጣቶቼ ያዝኩት። ሁለት ፍሬ ነው።

"ሰጥቻታለሁ" አልኩ። "በአምስት ሰዓት ተመልሼ ሰጥቻታለሁ።"

አፌ ራሱ ተናገረ፣ ጋኔን ነው ብል ደስ ባለኝ። እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው።

ወይዘሮ ፓስኮ አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

ቀብሩ ላይ ግሬም አቅፎኝ አለቀሰ። "እስከ መጨረሻው ተንከባከብሻት። ቁርጥ አባባን ነሽ" አለኝ። አባባን ከማንም በላይ እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ። ትምህርት ቤት በር ላይ ለምን እንደማያረፍድ ግን ያን ቀን ገባኝ።

ዊልቸሩን በሌላ ከተማ ላለ ሆስፒታል ሰጠነው።

ዘንድሮ ኮቱን እንደገና ለበስኩ። ሜዳሊያዎቹን በቀኝ አደረግሁ። ግሬም አይቶ፣ "አሁን ደንቡን አወቅሽ" አለኝ።

ኪት አልመጣም። በግራዬ ማንም አልነበረም። ከበሮው እንደተመታ ግን የጎማ ድምፅ ሰማሁ... ሲጥ... ሲጥ... ከእርምጃዬ እኩል። ሦስት መቶውን እርምጃ ዞር ሳልል ጨረስኩ። በቀኝ እስካደረግሁት ድረስ እማማ አትጠይቀኝም።

ወደ ቤት ስመለስ ነው ያየሁት። አስፋልቱ ላይ ሁለት ቀጫጭን የቀይ ጭቃ መስመሮች ነበሩ። ከዛፉ ሥር ይነሱና በኔ ዱካ አጠገብ እስከ ቤቴ በር ድረስ ይሄዳሉ። በሩ ላይ አይቆሙም።