ማሞቂያውና ሁለተኛው ወንበር

ሃይሚ ብሩሹን በሳሙና አረፋ እየነከረች የጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ስትቀባ፣ ኤደን ከኋላዋ ቆማ መዝሙር ታንጎራጉራለች። ማንጎራጎሯ ራሱ ሃይሚን አናደዳት። ሥራውን ጨርሶ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ነው እንደዚህ የሚያንጎራጉረው።

«ቀስ በይ፣ የበየድኳቸውን ሚስማሮች እንዳታጣምሚያቸው» አለች ኤደን።

«አታካብጂ ባክሽ! ሚስማር እኮ ነው፣ እንቁላል አይደለም።»

የሃይሚ አባት ጋሽ መልአኩ ጡረታ የወጡ አብራሪ ናቸው። ሶዶ በሚገኘው ግቢያቸው ውስጥ በገዛ እጃቸው ባለሁለት ወንበር ትንሽ አውሮፕላን ሠርተዋል። ባለፈው በማለዳ ሲያበሯት፣ ገና የዳሞታን ተራራ ሳያልፉ ብርዱ ጣቶቻቸውን አደረቃቸው። ሲያርፉ ቀበቶውን የፈታችላቸው ሃይሚ ነበረች። «ማሞቂያዋን ያሻሻለልኝ ቀጣዩን በረራ አብሮኝ ይበራል» ያሉትም ያን ዕለት ነው። ሃይሚ ደግሞ ያንን ሁለተኛ ወንበር ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኘው ኖራለች።

የማሞቂያው አሠራር ቀላል ነው። የሞተሩ የጭስ ማውጫ ቱቦ በላሜራ ይሸፈናል፤ በቱቦውና በላሜራው መካከል የሚያልፈው ንጹሕ አየር ሞቆ ወደ አብራሪው ይገባል። ሃይሚ የበሩን ስንጥቅ ሁሉ በጎማ ደፈነች፤ ብርዱ ትንሽ ቀነሰ። የአክስቷ ልጅ ኤደን ግን ሌላ ነገር አመጣች። ከቦዲቲ መጥታ እነሱ ዘንድ እየኖረች ብየዳ ትማራለች። ቱቦው ዙሪያውን ሚስማር ቢበየድበት ሙቀቱን ለአየሩ ይበልጥ ያካፍላል አለች። ጋሽ መልአኩ ራት ላይ «ይቺ ልጅ እጇ ወርቅ ነው!» ሲሉ ሃይሚ እርር ድብን አለች። የገዛ ልጃቸውን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብለዋት አያውቁም።

በዚህ ግቢ ግን ሕግ አለ፤ በያጅ የራሱን ብየዳ አይፈትሽም። ሌላ ሰው ልክ እንደ ጎሚስታ አየር ሞልቶ፣ አረፋ ቀብቶ ያያል። ቱቦ በስቶ የተገኘ በያጅ ደግሞ ዳግመኛ አውሮፕላኗን አይነካም። ዛሬ የመፈተሽ ተራው የሃይሚ ነው።

የኮምፕረሰሩን አየር ቱቦው ውስጥ ለቀቀችው። ከአንዲት ሚስማር ሥር አረፋ ቡፍ አለና ፈነዳ። ወዲያው ሌላ ተከተለ። ብየዳው ቱቦውን በስቶታል።

ሃይሚ ደስ አላት። ክፉ ደስታ መሆኑን እያወቀች ደስ አላት። በዚያች ቀዳዳ ጭስ ከሞቀው አየር ጋር ይቀላቀላል፤ ሽታ የሌለው መርዙ አብራሪውን እመቀመጫው ላይ እንዳለ ያስተኛዋል። አባቷ ይህን ስህተት ለማንም ይቅር አይሉም።

«ሃይሚ! ፈተሽሽው?» ጋሽ መልአኩ ከደጅ ተጣሩ።

«ተበስቷል» ብትል ያበቃል። ወንበሩ የእሷ ይሆናል፤ ያውም ሳትዋሽ። ዞር ስትል ኤደን ማንጎራጎሯን አቁማ አረፋውን ታያለች። ፊቷ አመድ መስሏል። የብየዳ ጓንቷን አውልቃ፣ የተባረረች ያህል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ምናለ ብትለምነኝ!» አለች ሃይሚ በልቧ። ብትለምናት እምቢ ማለት ይቀላት ነበር።

«ገና ነው አባዬ! ያልተስተካከለ ቦታ አለ!» ብላ ጮኸች።

ጓንቱን አንስታ ለኤደን ወረወረችላት። «ድፈኚው። ከዚያ እንደገና እፈትሸዋለሁ፣ ሁሉንም። አንዷን ሚስማር እንኳ አላልፍልሽም።»

«ለጋሼ ትነግሪያቸዋለሽ?»

«ምኑን? ፍተሻው መች አለቀ?»

ኤደን ጓንቱን አጠለቀች። «ሃይሚዬ፣ ወንበሩ እኮ…»

«ስለ ወንበሩ አንድ ቃል እንዳትናገሪ!» የሃይሚ ዓይን እንባ አቅርሯል። ፊቷን ከብየዳው ብርሃን ወደ ግድግዳው መልሳ፣ ቱቦውን ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲሆን አዙራ ጠበቅ አድርጋ ያዘችላት።