ያለ ባትሪ የበራው ላስቲክ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከመሳቅ አልፌ የምቆጣ ሰው ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፣ ጥላ ታየኝ የሚለኝን ተማሪ «ውሃ ጠጣና ተኛ» ብዬ ነው የምሸኘው። ደግሞ የዚህ ዓይነት ነገር ሌሊት ነው የሚያጋጥመው ይባላል፤ የእኔ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ አሜሪካ፣ ቴክሳስ ካሮልተን ከተማ፣ ሥራ ቦታዬ ላይ ነው የሆነው።

በፈረንጆቹ 2008 ማብቂያ ላይ ነው። የምንሠራው ነገር ለሰው ሲነገር ውሸት ይመስላል፣ ስስ ላስቲክ ላይ መብራት እናትማለን። ልክ እንደ ጋዜጣ፣ ጥቅሉ ላስቲክ በሮለር ያልፋል፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚያበራ ቀለም ይታተምበታል፣ ከዚያ ተጠቅልሎ ኪስ የሚገባ መብራት ይሆናል። ቀለሙ ኦርጋኒክ ይባላል፤ ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው ሴቶች ይህን ሲሰሙ ጎመን የምሸጥ ይመስላቸዋል፣ ካርቦን ያለበት ማለት ነው ብሎ ማስረዳቱ ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ። የቀለሙ ጠላት እርጥበትና ቅባት ነው፣ ትንሽ ከነካው መብራቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፣ ነጥቡም እያደር ይሰፋል።

ማሽኑን ከማንም በላይ የሚያውቁት ጋሽ እንድሪስ ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፣ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል፣ ሮለሩ ሲዛነፍ ከድምፁ ይለዩታል፣ ዲግሪ ያላቸው ፈረንጆች ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጡ እሳቸው አንድ ብሎን አጥብቀው ይገላገሉታል። እንግሊዝኛቸው ጥቂት ስለሆነ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ግድም ኮሪደሩ መጨረሻ ካለው ሲንክ ለሶላት ውዱእ ያደርጋሉ፣ ቧንቧውን ሦስቴ ከፍተው ሦስቴ ይዘጋሉ፣ ዕቃ ክፍል ገብተው የአሱርን ሶላት ይሰግዳሉ፣ እጃቸውን በደንብ አድርቀው፣ አዲስ ጓንት አጥልቀው ይመለሳሉ።

ያን ሰሞን እጄ በማሞቂያው አየር ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሎሽን ክልክል ነው፣ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት መኪና ውስጥ ተቀብቼ ነበር የምገባው፣ አንድ ቀን ደግሞ ላስቲኩ አልገባ ሲለኝ ጓንቴን አውልቄ በባዶ እጄ ሮለሩ ላይ ጎተትኩት። ማንም አላየኝም ብዬ ነው። በዚያው ሳምንት ለባለሀብቶች ሊታይ የተዘጋጀውን ሥራ ሁሉ ጥቁር ነጥብ ወረሰው።

አለቃችን ሁለታችንንም ጠራን። «ይሄ ሰው በሥራ መሃል እጁን ይታጠባል የሚሉኝ እውነት ነው?» አለኝ። «አዎ፣ በየቀኑ» አልኩት። ቃሉ እውነት ነው፣ የሚመረኝም እሱ ነው። እንደሚያደርቁ፣ ጓንት እንደሚቀይሩ አልጨመርኩም፣ የራሴን ሎሽንማ ማን ያነሳዋል። ሰውየው ጥቂት ተናግሮ ሲጨርስ ጋሽ እንድሪስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አለ ልጄ?»

«እ... ጋሼ፣ ሥራ ስለቀነሰ ሌይ ኦፍ፣ ማለቴ ከሥራ አሰናብተንዎታል ነው የሚለው።»

ፊቴን ሳይሆን እጄን አዩት፣ ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ «ኦኬ፣ ኸይር ነው፣ ለበጎ ነው» ብለው ጃኬታቸውን አንስተው ወጡ። ቦታቸው ለእኔ ተሰጠኝ።

ወር ቢሆነው ነው፣ አንድ ዓርብ ሌሎቹ ጎረቤት ከተማ ፍሪስኮ ስብሰባ ሄደው ብቻዬን ነበርኩ። የተበላሹት ላስቲኮች የተጣሉበትን በርሜል ላስወጣ ስል ከኮሪደሩ መጨረሻ ውሃ ሲፈስ ሰማሁ። ተዘጋ። ደግሞ ፈሰሰ፣ ተዘጋ። ሦስት ጊዜ፣ ቆጥሬዋለሁ። ሄጄ ባይ ሲንኩ ደረቅ ነው፣ በጣቴ ዳሰስኩት፣ ደረቅ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ይላል ሰዓቱ። ቧንቧው አየር ገብቶት ነው አልኩ፣ የኬሚስትሪ አስተማሪ አይደለሁ?

ስመለስ በርሜሉ ውስጥ ላስቲኮቹ ይንኮሻኮሻሉ፣ ሰው ቀስ እያለ የሚያገላብጣቸው ነው የሚመስለው። ክዳኑን ሳነሳ ከላይ ያለው በርቷል። አረንጓዴ፣ ፈዘዝ ያለ ብርሃን። ሽቦ የለው፣ ባትሪ የለው፣ ደግሞ ወር ሙሉ አየር ላይ የተጣለ ቀለም የሞተ ቀለም ነው፣ ሙያዬ ስለሆነ ነው የምነግራችሁ፣ አይበራም። መሃሉ ላይ ጥቁር የእጅ ምልክት አለ፣ መዳፉ፣ አምስቱም ጣቶች፣ ቀለበት የሚደረግበት ጣት ላይ ግን ቀጭን የብርሃን መስመር ቀርቷል። ጋሽ እንድሪስ ቀለበት አድርገው አያውቁም። ቀለበት ያለበትን እጄን አስጠጋሁት፣ ልክክ አለ።

ስልኬን አውጥቼ ኮል አደረግኩላቸው፣ ልነግራቸው ነበር፣ በእውነት ልነግራቸው ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው ግሬፕቫይን ከተማ አንድ ሆቴል የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋሉ።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?»

«አልሃምዱሊላህ፣ አሁን ሰግጄ መነሳቴ ነው።»

ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁ። እሳቸው ቀጠሉ።

«እጅሽ እንዴት ሆነ? ያ ድርቀት ተወሽ?»

ስለ እጄ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። «ተወኝ» አልኩ።

«እሰይ። ሥራሽን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ልጆች አሉሽ» ብለው ዘጉት።

ያውቁ ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ እያወቁ ነው «ኸይር ነው» ያሉት፣ እኔን የሚያቃጥለኝ ከመብራቱ ይልቅ ይህ ነው። እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም፣ ደግሜም አልደወልኩም።

ላስቲኩን መጣል ስላቃተኝ ጠቅልዬ ቤት አመጣሁት፣ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው። ባሌ አንድ ሁለቴ ዘርግቶ አይቶታል፣ ለእሱ አይበራም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ እያደር ነው የጠቆረው፣ ነጥቡ ይሰፋል ብያችሁ የለ፣ ያ ጥቁር እጅ አሁን ከእኔ እጅ በልጧል። ሥራ በማልገባበት ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የኩሽናዬ ቧንቧ ፈስሶ ይዘጋል፣ ሦስት ጊዜ። ተነስቼ አላይም። እጄን ኪሴ ከትቼ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።