«በቃ» ያለው ማን ነበር?

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ፤ ካሜራውን የያዝኩትም እኔ ነኝ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እኔና ፉገራ የሟች አባቱን ልብስ ስፌት ቤት ከውስጥ ቀርቅረን በስልኬ አጭር ኮሜዲ እንቀርጻለን።

ፉገራ የምንለው ጓደኛዬ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳን ነርሶቹን ካላሳቀ አያርፍም።

ተዋናይ የምናመጣበት አቅም ስለሌለን ሁለቱንም ሰው የሚጫወተው እሱ ነው። መጀመሪያ ልብስ ሰፊውን፣ ቀጥሎ ወሬ የማያልቅበትን ደንበኛ። በኋላ አንድ ላይ እናጣብቃቸዋለን።

አንድ ሕግ ነበረን። እሱ ራሱ «በቃ» ካላለ ቀረጻ አይቆምም። ምርጥ ቀልዶቹ የሚመጡለት ድርሰቱ ካለቀ በኋላ ነዋ።

የአባቱን መነጽር አድርጎ ሰፊውን ጀመረ። ባዶው ወንበር ላይ ሜትሩን እየዘረጋ፣ ልክ በአባቱ አነጋገር...

«ዝም በል። አለዚያ አፍህን ነው የምሰፋው።»

በልጅነቱ አባቱ ሁልጊዜ ይሉት የነበረ ነው። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ከዚያ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። አሁን ደንበኛው ነው። ፊት ለፊቱ ማንም የለም።

መቅረጽ ጀመርኩ።

ለፈለፈ... ለፈለፈ...

ድንገት ዝም አለ።

ልብስ እንደሚለካ ሰው ክንዱን ቀስ ብሎ ዘረጋ።

«እየለካኝ ነው» አለ በሹክሹክታ።

ትወና መሰለኝ። ሳቄን አፍኜ ቀጠልኩ።

«እጁ... ይቀዘቅዛል።»

ጠረጴዛው ላይ መነጽሩ እንደሌለ ያየሁት ያኔ ነው።

«በቃ።»

የፉገራ ድምፅ ነው። ካሜራውን አጠፋሁት።

ቀና ስል ወንበሩ ባዶ ነው። በሩ እንደተቀረቀረ ነው።

ድምፁ የመጣው ከወንበሩ እንዳልነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። የመጣው ሰፊው ከሚቆምበት ነው...

ያልተፈለገበት ቦታ የለም። ፖሊስ ጠየቀኝ፣ ዘመድ ጠየቀኝ። ምን ብዬ ልመልስ?

ስልኬ ላይ ግን አለ።

ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ መነጽር ያደረገ ሌላ ፉገራ ቆሞ ይለካዋል።

ሁለቱን ገና አላጣበቅናቸውም ነበር።

ቪዲዮው በከፈትኩት ቁጥር ይረዝማል። መጀመሪያ ትከሻውን ለካ። ሌላ ቀን ደረቱን። ከዚያ አንገቱን...

የፉገራ እናት ዓይናቸው ደክሟል፤ አጥርተው አያዩም። ድምፁን ለመስማት ብለው በየቀኑ ያስከፍቱኛል። ፈርቼ እከፍታለሁ። አንድ ቀን እሱ ራሱ «በቃ» ካለ ይወጣል ብዬ ነው። ሌላ ተስፋ የለኝም።

ትናንትም ከፈትኩላቸው። ስክሪኑ ወደ እኔ እንደዞረ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ።

ጠበቁ...

«ምነው ልጄ ዛሬ ዝም አለ?»



«ቀልዱን ነው፣ እማማ።»

«እሱ መቼ ቀልድ ይተዋል» ብለው ሳቁ። እንዳያውቁብኝ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

ስክሪኑ ላይ ፉገራ ቀጥ ብሎ እኔን ያየኛል። ከንፈሩ ከዳር እስከ ዳር በነጭ ክር ተሰፍቷል።

ሰፊው ጎንበስ አለና... የተረፈውን ክር በጥርሱ በጠሰው።