ቁስል አይሻርም

ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ከፋሻው ሥር እውነተኛ ቁስል አለ። በፋሻው እጥፋት መሀል ደግሞ ከጥፍር የማትበልጥ ሚሞሪ ካርድ።

ቁስሉን ከሦስት ቀን በፊት በገዛ ምላጩ ነው ያበጀው። ክሊኒክ የሚመላለስ ሰው ምክንያት ያስፈልገዋል።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ሰባት በሽተኛ ተደርድሯል። በሩ አጠገብ አንድ ሰውዬ ጋዜጣ ያነባል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንድ ገጽ አልገለጠም።

ሰረዝ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ሰረዝ የእናት አባቱ ስም አይደለም። ያሰማራው ሰው በደጉ ዘመን የሰዋስው አስተማሪ ነበርና ሰዎቹን በሥርዓተ ነጥብ ነው የሚጠራቸው። እሱን «ነጠላ ሰረዝ» አለው፤ የክሊኒኩን ጽዳት ሠራተኛ «አራት ነጥብ»። እነሱ ደግሞ አስተማሪውን «አጎቴ» ይሉታል። ሰረዝ ሌላ ዘመድ የለውም።

ሰባት ዓመት በጠላት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ክፍል፣ መስኮት በሌለው ጥግ ተቀምጧል። ሥራው አንዲት ማህተም ናት። ፈቃድ ሲነጠቅ፣ ውል ሲፈርስ፣ ዶሴው ላይ «ተሽሯል» ብሎ ይመታል። ባለፈው ሳምንት የመጣው ዶሴ ግን የዐሥራ አንድ ሰዎች ስም ነበረው። ነገ ማለዳ ከየቤታቸው ሊለቀሙ ነው። ስማቸውና አድራሻቸው አሁን ፋሻው ውስጥ አለ። ዛሬ ካልወጣ ነገ የሚወጣ ሰው የለም።

ስምምነቱ ቀላል ነው። አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። ሰረዝ «ቁስልዎ እንዴት ነው?» ይላል። ሰውየው «ሽሯል» ካለ ካርዷ ትሰጠዋለች። ነገር ከተበላሸ ደግሞ ፋሻ መቀየሪያው ክፍል ቀይ ክዳን ያለው ቅርጫት አለ፤ ስድስት ሰዓት ላይ አራት ነጥብ ታነሳዋለች። ግን እሷ አንዴ ብቻ ነው የምትገባው። ከአራት ነጥብ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ ያልቃል።

አግዳሚው ሲጥ አለ።

አጠገቡ የተቀመጡት የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። የገዛ አለቃው።

«ጋሼ፣ ምነው? ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ጉልበቴ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስለ ቁስሌ አትጠይቀኝም?»



«ቁስልዎ… እንዴት ነው?»

«ተሽሯል።»

ፈገግ ብለው እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። ሰረዝ እንባው መጣ። ሰባት ዓመት ሲታመም የጠየቁት እኚህ ሰው ብቻ ናቸው። ወገኑ ኖረዋላ! ያን ሁሉ ጊዜ፣ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ እንደሱው የሚፈራ ሰው ነበር። ብቻውን አልነበረም።

ጆሮው ከልቡ ዘግይቶ ደረሰ።

ተ።

አንዲት ፊደል።

ይህችኑ ስህተት እሱ ራሱ ሠርቷት ያውቃል፤ ምልክቱን ባጠና በመጀመሪያው ቀን። አጎቴ እንደ ተማሪ ነበር የገሠጸው። «ደንብ ይሻራል፤ ሻሪ አለው። ቁስል በራሱ ጊዜ ይሽራል እንጂ አይሻርም። ድገም።»

ምናልባት የማህተሙ ልማድ ይሆን? ቀኑን ሙሉ «ተሽሯል» የሚል ሰው ምላሱ ቢሳሳት ምን ይደንቃል? ሰረዝ ይህን ማመን ፈለገ። በጣም ፈለገ።

«አጎቴ ነው የነገረዎት?»

«ራሱ።»

«በዚሁ ቃል?»

«ፊደል ሳይጎድል። ሦስቴ አስደግሜዋለሁ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። አጎቴን ማንም አስደግሞት አያውቅም፤ አስደጋሚው እሱ ነው። አጎቴ ሦስቴ የደገመው በጠላት እጅ ስለገባ ነው። ያቺን «ተ» የጨመራት ለሰረዝ ነው። ሦስቴ ጠይቀውት ሦስቴም አልጣላትም።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አለቃው በሰረዝ ልብ ውስጥ አንቱ መባሉ ቀረ።

«ካርዷስ?» አለ ሰውየው።

«ፋሻው ውስጥ ናት ጋሼ። እዚህ ሰው መሀል አልፈታውም። ተራዬ ሲደርስ ውስጥ አውጥቼ አመጣልዎታለሁ።»

ሰውየው ወደ ባለጋዜጣው አየት አደረገ። በሩ ተይዟል።

«ዐሥራ ዘጠኝ ቁጥር!» ብላ ነርሷ ተጣራች።

«ግባ የኔ ልጅ፣ አይዞህ። እዚሁ ነኝ» አለው።

ከሁሉም ያቺ «አይዞህ» ነች የጎዳችው።

ነርሷ ፋሻውን ፈታች።

«እኔ ልጣለው» አለ ሰረዝ፤ ጠቅልሎ ተቀበላትና ቀዩን ክዳን ከፈተ።

«ገና አልሻረልህም» አለች አዲሱን እያሰረች። «ነገ ብቅ በል።»

«እሺ እህቴ።»

የወጣው በልብስ ማጠቢያው በኩል ነው። መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ነጭ ጋውን ደረበ። አልሮጠም። መተላለፊያው ላይ አንዲት ሴት ጋሪ እየገፋች መጣች። አልተያዩም። ሰባት ዓመት አብረው ሠርተው ደህና ዋይ እንኳ አላላትም።

ከሁለት ወር በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ከሚሠራበት ጫማ ፋብሪካ ደጃፍ ጋዜጣ ገዛ። ከምስጋና ማስታወቂያዎቹ መሀል አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ለጠየቃችሁን ሁሉ፣ ዐሥራ አንዳችንም ደህና ነን። ቁስላችን ሽሯል።» ፊደሉ ትክክል ነው። አራት ነጥብ መሆን አለባት። ስለ አጎቴ ምንም አላለችም፤ ቢኖር ኖሮ ትል ነበር።

የድሮ ስሙ ያለበት ዶሴ አሁን ያ መስኮት አልባ ጥግ ደርሷል። አለቃው በዚያችው ማህተም መትቶታል።

ከሰዓት በኋላ ከጎኑ ሶል የምታጣብቀው ሴትዮ ጠባሳውን አየችው።

«እጅህን ምን ሆነህ ነበር?»

«ቆርጦኝ ነው።»

«አሁንስ?»

«ተሽሯል» አለ፤ ሆን ብሎ።

እጁን ከሥራ አቁሞ ጠበቀ።

«ተመስገን ነው» አለችና ሙጫዋን አነሳች።

የሚያርመው አልነበረም።